ደቡብ ፈረንሳይ ከእማዬና ከልጆች ጋር፦ ቤት የት እንያዝ?

ጥያቄ — የአሌክሳንድሪያዋ

ጤና ይስጥልኝ። ደቡብ ፈረንሳይ የምትኖሩ፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር ሄዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የምንሄደው በኦገስት የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ቆይታችን ሁለት ሳምንት ገደማ። እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዘን ከቨርጂንያ እንነሳለን። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 6። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትመጣና ፓሪስ አየር ማረፊያ እንገናኛለን። ልጆቹ አያታቸውን ከስልክ ውጪ ብዙም አያውቋትም። ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር ይሄ ነው። ቦታው ምንም ያህል ቢያምር እሷና ልጆቹ አብረው ካልዋሉበት ምን ያደርግልኛል?

እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ እያለች ብዙ ትሄዳለች። የሚያቅታት ደረጃና ዳገት ነው። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ላይ ይውላል። እማዬ መንገደኛ ነኝ ብላ ፍልሰታን የምትገድፍ ሰው አይደለችም።

ቤት ውስጥ አልተስማማንም። ባለቤቴ ጎርድ አጠገብ መዋኛ ገንዳ ያለው የድንጋይ ቤት ኢንተርኔት ላይ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ልጆቹ ከባሕር ሌላ አይሰሙም። እማዬ «እኔን የትም አሳድሩኝ፣ ብቻ በእግሬ የምደርስበት ቤተ ክርስቲያን ይኑር» ትላለች። እኔ የላቫንደር ማሳ ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን ሁለቱን ሳምንት መኪና ውስጥ «አልደረስንም?» እየተባልኩ ማሳለፍ አልፈልግም።

አንድ ቤት ይዘን ከዚያ እየተነሳን ብንመላለስ ይሻላል ወይስ ሁለት ቦታ ብንከፍለው? መኪና የግድ ነው? አቪኞን፣ ኤክስ፣ ኒስ፣ ሉቤሮን የሚሉ ስሞች አንብቤ አንብቤ ተደበላለቁብኝ። ለእማዬ ቪዛ ማመልከቻ የማረፊያ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ብዙ ጊዜ የለኝም። እባካችሁ።

መልስ — የሮን ዳር

እህቴ፣ እኔ አቪኞን ነው የምኖረው። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበል ነው። የቤተሰብ ጉዞ ሲሰምርም ሲበላሽም ዓይኔ እያየ ነው። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ትንሽ ከረዘመ ታገሺኝ።

ሰው ማረፊያ ሲመርጥ የሚያስበው ጠዋት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ቤት የሚቀረው ሰው እንዴት እንደሚውል ነው። እናትሽ አንድ ቀን «ዛሬ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ልረፍ» ማለታቸው አይቀርም። ትንሿም አንድ ቀን ሆዷን ያማታል ወይ ትነጫነጫለች። ያን ቀን ቤታችሁ ጎርድ አጠገብ ከሆነ፣ እማማ ገንዳው ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው ማታ እስክትመለሱ መንገድ መንገዱን ያያሉ። ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ይጠይቃል። ጎርድ ራሱ ተራራ ወገብ ላይ የተሠራ መንደር ነው። መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ለሚታመም ጉልበት አይሆንም።

አቪኞን ግንቡ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ነጠላቸውን ጣል አድርገው በራሳቸው እግር ይወጣሉ። አሮጌው ከተማ ዙሪያውን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን የድንጋይ ግንብ ታጥሯል፤ ውስጡ አብዛኛው ሜዳ ነው። ሴን ፒየር የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የበሩ እንጨት እ.ኤ.አ. በ1551 የተቀረጸ ነው። ቅዱስ ሚካኤል አለበት፣ ብሥራትም አለበት፤ እመቤታችንና መልአኩ ፊት ለፊት። እናትሽ በሩ ላይ ቆመው የሚቆዩ ይመስለኛል። ሌላው ሩ ዴ ታንቱሪየ የሚባለው ጎዳና ነው። ድሮ የጨርቅ አቅላሚዎች ሰፈር ነበር። በጎኑ ቦይ ይፈሳል፤ ያረጁ የውሃ መዘውሮች ሙጭጭ ያለ አረንጓዴ ሽበት አብቅለው እስካሁን አሉ። ትልልቅ የፕላታን ዛፎች ከላይ ስለሚገጥሙ እኩለ ቀን ላይ እንኳ መንገዱ ላይ የሚወርደው ብርሃን ጠብታ ጠብታ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ቁጭ ብለው ውሃ የሚያዩበት ቦታ ከተባልኩ የማሳየው ይሄን ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ጉዞውን ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ረዘም ያለውን አቪኞን፣ የቀረውን ኒስ አጠገብ ባሕር ዳር ያለችው አንቲብ። አንድ ቤት ይዤ ፕሮቫንስንም (የአቪኞንን አካባቢ) ኮት ዳዙርንም (የኒስንና የአንቲብን ባሕር ዳር) እመላለሳለሁ ማለት ካርታ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። በአቪኞንና በኒስ መካከል 260 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ያን በኦገስት ሙቀትና ትራፊክ ደርሶ መልስ ማድረግ ልጅን ማሰቃየት ነው።

አቪኞንን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ባቡር ነው። ከፓሪስ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ውስጥ ተነስቶ በቀጥታ አቪኞን የሚመጣ ቴጄቬ (ፈጣን ባቡር) አለ። ፓሪስ ከተማ መግባት የለም፣ ሻንጣ ይዞ ሜትሮ መውረድ የለም። የቴጄቬው ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ከዚያ ሌላ አጭር ባቡር በ5 ደቂቃ ገደማ ግንቡ በር ላይ ያወርዳችኋል። ከመሃል ጣቢያው ደግሞ አርል 20 ደቂቃ ያህል ነው። ኒም፣ ኦራንዥ፣ ሊል ሱር ላ ሶርግ ሁሉም አንድ ሰዓት አይሞሉም። የ11 ዓመቱን ልጅ አርል ውሰዱት። ሮማውያን በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሠሩት የግላዲያተር ሜዳ እስካሁን ቆሟል፤ ዛሬም ሰው ተሰብስቦ ትርኢት ያይበታል። ቅዳሜ ጠዋት ከሄዳችሁ ትልቁን ገበያም ታገኛላችሁ።

ፖን ዱ ጋርን እንዳትዘሉ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው መናኸሪያ አውቶቡስ አለው። ውሃ ወደ ኒም ለመውሰድ የተሠራ ባለ ሦስት ደርብ ድልድይ ነው፤ ቁመቱ 49 ሜትር። ውሃው ከምንጩ ኒም እስኪደርስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ልጆቹ ግን ታሪኩን ሳይሰሙ ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጋርዶን በበጋ ይዋኙበታል። ታቹ ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ ይዘሽ ነይ። ከመግቢያው እስከ ድልድዩ መንገዱ ሜዳ ነው፤ እማማ ዛፍ ሥር ሆነው ያዩዋቸዋል።

መኪና ለጥቂት ቀን ብቻ ተከራዩ። ያኔ ባለቤትሽ የተመኘው ጎርድ ያለበትን ሉቤሮንን ያያል። ጎርድን ከመግቢያው ፊት ለፊት ካለው መታያ ላይ ማየት ውስጡ ከመግባት የበለጠ ያምራል፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ከዚያ ሩሲዮን፦ አፈሩ ቀይና ቢጫ የሆነ፣ ቤቶቹም በዚያው ቀለም የተቀቡ መንደር። ለልጆቹ ነጭ ልብስ አታልብሺያቸው። በጣም በሚሞቅበት ቀን ደግሞ ሌ ቦ የሚባለው መንደር ያለው ካሪየር ዴ ሉሚየር አለላችሁ። የድሮ የድንጋይ ማውጫ ዋሻ ነው፤ ግድግዳው ላይ የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ በብርሃን ይታያል። ውስጡ በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ለእማማ ጋቢ ያዢላቸው።

ላቫንደሩ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ቫላንሶል ላይ የሚያብበው ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ነው። በኦገስት ታጭዷል። ሶ የሚባለው ከተማ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ይዘገያል፤ እዚያም በኦገስት የላቫንደር በዓል አለ፣ 15ኛው ቀን ላይ። ያ የአጨዳ በዓል ነው እንጂ የምታስቢው ሐምራዊ ሜዳ አይደለም። ለላቫንደር ብለሽ ማረፊያ አትምረጪ። የኦገስት ጥቅሙ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሚካሄደው የአቪኞን የቲያትር ፌስቲቫል ጁላይ ላይ አልቋል። በጁላይ ብትመጪ ኖሮ አቪኞንን አልመክርሽም ነበር፤ አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም።

ቤት ስትፈልጊ ፎቶውን ሳይሆን ደረጃውን አስቢ። በአሮጌው ከተማ ብዙ ቤት ሊፍት የለውም። ደረጃው የድንጋይ ጠመዝማዛ ነው፤ መሃሉ በሰው እግር ተበልቶ ጎድጉዷል፤ አንዳንዱ ቤት መደገፊያው ከግድግዳ ላይ የታሰረ ወፍራም ገመድ ነው። ፎቶ ላይ ይህ አይታይም። ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ኤሲ አለው ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ሻወሩ ወደ ገንዳ እግር አንስተው የሚገቡበት ከሆነ ለእማማ አይመችም። ኤሲ ኖረም አልኖረም የአገሬውን ዘዴ ተከተሉ፦ ፀሐይ ሳይበረታ የመስኮቱን የእንጨት መዝጊያ ሁሉ ዝጉ፣ ማታ ሲበርድ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ከእኩለ ቀን በኋላ ማንም ጤነኛ ሰው አይንቀሳቀስም። እናንተም ተኙ።

ጾሙ አያሳስብሽ። ሌ አል የሚባለው ባለ ጣሪያ ገበያ ከሰኞ በስተቀር ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው። ቲማቲሙ፣ ዱባው፣ ባቄላው፣ ወይራው የጠዋት ነው። ራታቱይ ማለት በወይራ ዘይት የበሰለ ደበርጃን፣ ቲማቲምና የፈረንጅ ቃሪያ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፤ ጾም ነው። የወይራ ድልሁን ግን ተጠንቀቂ፤ ታፐናድ ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ዓሣ አለበት። ሽሮና በርበሬ ይዘው ይምጡ። ቅቤና ቋንጣ ግን አውሮፓ ኅብረት ከውጭ ስለማያስገባ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባቸዋል።

መልስ — ከጄኔቫ

ሰላም ለሁላችሁ። የሮን ዳር ያለው ደህና ነው፤ እኔ ግን ስለ መዋኛው ባልሽን እደግፋለሁ። ልጆች በዚያ ሙቀት ከሰዓት በኋላ አፓርታማ ውስጥ ተኙ ቢባሉ አይተኙም። እኛ በመኪና ነው የምንወርደው። ገንዳ ያለው ቤት ስንይዝ ልጆቹ ከውሃ አይወጡም፣ እኛም ጥላ ሥር ቡናችንን አፍልተን እንጫወታለን። አያትና ልጆች አብረው ይዋሉ ካልሽ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ጎርድን ግን እኔም አልመርጥም። ዩዜስን እዪ። ከኒምም ከአቪኞንም ሩቅ አይደለም፣ ፖን ዱ ጋርም አፍንጫው ሥር ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። ፕላስ ኦ ዘርብ የሚባለው አደባባይ ዙሪያውን ቅስት ያላቸው መተላለፊያዎች ስላሉት ፀሐይ ሳይነካሽ ትዞሪዋለሽ። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ አላት። ቤቱን ከከተማው ጫፍ ላይ ያዙ፤ ዳቦ ቤት በእግር የሚደረስበት መሆኑን አረጋግጡ። የሮን ዳር ያለው «ቤት የቀረው ሰው» ነገር እዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ ገንዳ ይጨመርበታል። ጉድለቱን ልናገር፦ ባቡር የለም። መኪና ለሙሉ ጊዜው ያስፈልጋል።

መኪና ከያዛችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። የሚከራየው መኪና ባብዛኛው ማንዋል ነው፤ አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ። ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ የልጅ ወንበር ሕጉ ያስገድዳል፤ ለትንሿ ያስፈልጋችኋል። በኦገስት የሳምንት ኪራይ ቤቶች ብዙዎቹ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው የሚያከራዩት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ምድሩ መንገድ ላይ ነው። ከሊዮን ወደ ደቡብ የሚወርደው ኤ7 አውራ ጎዳና በዚያ ቀን መከራ ነው። ቢዞን ፊውቴ የሚባለው የመንግሥት የትራፊክ መረጃ ቀኖቹን በቀለም ይለያቸዋል፤ ጥቁር የተባለ ቀን ላይ አትንቀሳቀሱ። እኛ ከቻልን ሌሊት ተነስተን ጎህ ሲቀድ እንደርሳለን።

ባሕሩን በተመለከተ ከዩዜስ ካማርግ ወደሚባለው ረግረጋማ አገር መውረድ ይቻላል። ሴንት ማሪ ደ ላ ሜር ሰፊ አሸዋ ነው፤ መንገድ ላይ ፍላሚንጎ ታያላችሁ። እዚያ ምሽግ የመሰለ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ጥቁር የሆነች የቅድስት ሣራ ሐውልት አለች። ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች (ሰው ጂፕሲ የሚላቸው) ከየአገሩ እየመጡ በሜይ 24 እስከ ባሕሩ ይሸኟታል። እናቴ ልብስ በልብስ ደርባ የቆመችውን ሣራን ስታይ ሻማ ካላበራሁ አልወጣም ብላ ነበር። ግን ወደ ምድር ቤቱ መውረጃ ደረጃ አለው፤ ለጉልበት ደግፏቸው።

መልስ — የማርሴይዋ

እህቴ፣ ሁሉም ማርሴይን ዘሏት። እኔ እዚህ ነው የምኖረው፤ ስለ ከተማዬ አንድ ሁለት ነገር ካልተናገርኩ አልተኛም።

ማረፊያ አድርጊው አልልሽም። ሁለት ሳምንት ከአያትና ከትንሽ ልጅ ጋር ይከብዳል፤ ዳገቱ ብዙ ነው፣ ጫጫታው አያስተኛም። ነገር ግን ከአቪኞን ወደ አንቲብ ስትሄዱ ማርሴይ መንገዳችሁ ላይ ናት። አንድ ሁለት ሌሊት እደሩባት። ልጆቹም ባሕሩን ቀደም ብለው ያያሉ።

ለእናትሽ የምመኝላቸው ኖትር ዳም ደ ላ ጋርድን ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከማማው ላይ በወርቅ የተለበጠች እመቤታችን ልጇን አቅፋ ከተማውንም ባሕሩንም ታያለች። እኛ ሰፈር ያለን ሁሉ ቀና ስንል እሷን ነው የምናየው። በእግር አይሞክሩት። ከቪዩ ፖር (ከአሮጌው ወደብ) 60 ቁጥር አውቶቡስ አጠገቡ ድረስ ይወጣል። ውስጡ ጣሪያው ላይ የመርከብ ቅርጾች ተንጠልጥለዋል፤ ከባሕር አደጋ የተረፉ ሰዎች የተሳሉት ስለት ነው። ስለት ማስገባት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ማስረዳት አያስፈልገውም። ፈረንሳዮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት ኦገስት 15 ነው። የእኛ ነሐሴ 16 ደግሞ ኦገስት 22 ላይ ይውላል። እማማ በጾሙ መሃል የእነሱን በዓል ያያሉ ማለት ነው።

ኖዋይ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ገበያ አለ፤ ከቪዩ ፖር በእግር ይደረሳል። ድንብላሉ፣ ናናው፣ ቅመሙ፣ ምስሩ ሁሉ በከረጢት ነው። የሽምብራ ዱቄትም አለ። ማርሴይ ውስጥ ፓኒስ የሚባል ምግብ እንበላለን፤ የሽምብራ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተቆርጦ በዘይት የሚጠበስ ነው። ኒስ ስትደርሱ ሶካ የሚባለውን ታገኛላችሁ፤ እሱም ሽምብራ፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነው፣ ሰፊ መጥበሻ ላይ ተነጥፎ እንጨት ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ጫፉ ሲያር፣ ቁንዶ በርበሬ ሲነሰነስበት፣ በእጅ እየቆረሱ ትኩሱን። የጾም ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ካላንክ የሚባሉት የባሕር ገደሎች ያምራሉ፤ የእግር መንገዱ ግን ለእማማም ለትንሿም አይሆንም። በበጋ ለእሳት አደጋ ሲባል ጫካው ሊዘጋ ስለሚችል የሚቀጥለውን ቀን ሁኔታ ማታ ማየት ያስፈልጋል። ከቪዩ ፖር በጀልባ ወደ ፍሪዩል ደሴቶች ብትሄዱ ይሻላል። ቅርብ ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለትልቁ ልጅ ንገሪልኝ። ሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርቱር ራምቦ የሞተው እዚሁ ነው፤ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1891። ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ነው ወደ ባሕሩ የወረደው። እዚህ ደርሶ እግሩን ቆረጡት፤ አልዳነም። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የአሌክሳንድሪያዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለባለቤቴ አንብቤለት፣ ከዚያ እማዬን ደውዬ ነገርኳት። ሚካኤል ስላለበት በር ስነግራት «እሱ ጋ ውሰጂኝ» አለች፤ ስለዚህ አቪኞን ጸድቋል። ከዚያ ማርሴይ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ አንቲብ። ዩዜስ ቆንጆ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ሙሉ ጊዜውን መኪና ላይ መንጠልጠል አልፈልግም። የጄኔቫው ወንድሜ ይቅር በለኝ።

ጋሼ የሮን ዳር፣ ላስቸግርዎ። ባሕሩን መጀመሪያ ብናደርገው ወይስ መጨረሻ? አንቲብንስ ከኒስ ለምን አስበለጡት? ባለቤቴ መዋኛ ቀረብኝ ብሎ ፊቱን ጥሏል፤ ለእሱም የሆነ ነገር ቢፈልጉልኝ። ለቪዛው ደግሞ ያልተከፈለ ቡኪንግ ይቀበላሉ?

የሮን ዳር

ምን ችግር አለው እህቴ።

ባሕሩ መጨረሻ ይሁን። ከአሜሪካ ስትመጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሰዓት ልዩነቱ ያንገላታችኋል፤ ልጆቹ ከንጋቱ በፊት ይነቃሉ። ያ ለአቪኞን ይመቻል፤ ሳይሞቅ ወጥታችሁ ሳይሞቅ ትመለሳላችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ይደክማል፤ ያኔ ማንም ምንም ማየት አይፈልግም፣ አሸዋ ላይ መንጋለል ብቻ ነው። ለመመለስም አንቲብ ለኒስ አየር ማረፊያ ቅርብ ነው። እማማ ከፓሪስ የሚበሩ ከሆነ ከኒስ ፓሪስ በአውሮፕላን ብትሸኟቸው ይሻላል፤ በባቡር ከ5 ሰዓት በላይ ነው። በዚያው ቀን ሁለት በረራ ካያያዛችሁ ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ።

ኒስ ትልቅ ከተማ ነው፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን የባሕሩ ዳርቻ ድንጋይ ነው፤ ክብ ክብ ጠጠር። ትንሿ እግሯን ያማታል፣ እማማም ሚዛን ይስታሉ። አንቲብ አሮጌው ከተማ ሥር ላ ግራቬት የሚባል ትንሽ የአሸዋ ዳርቻ አለ። ግንብ ስለከለለው ማዕበል አይገባበትም፤ ውሃውም ቀስ በቀስ ነው የሚጠልቀው። ከገበያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ኒስን፣ ሞናኮን፣ ማንቶንን በባሕሩ ዳር በሚሄደው ባቡር ታዩታላችሁ። በኦገስት ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ጠዋት ውጡ። ሶካውንም ኒስ በዚያው ብሉ። በኦገስት 15 ሳምንት ባሕር ዳር ያለ አልጋ ሁሉ ይያዛል፤ መጀመሪያ አንቲብን ያዢ፣ አቪኞን ይደርሳል።

ለባለቤትሽ፦ ከአቪኞን ግንብ ፊት ለፊት ወንዙ መሃል ባርትላስ የሚባል ትልቅ ደሴት አለ። ነፃ ጀልባ ያሻግራል። እዚያ መዋኛ አለ፣ ዛፍ አለ፣ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ሆኖ የጳጳሳቱን ቤተ መንግሥትና የተቆረጠውን ድልድይ ያያል። ድልድዩ 22 ቅስት ነበረው፤ የሮን ወንዝ እየሞላ ጠራርጎት የቀሩት 4 ናቸው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንጋዩ ማር ይመስላል። ልጆቹን ይዞ ይሻገር፤ አንቺና እማማ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብቻችሁን ሁኑ።

ቪዛው ላይ በነፃ የሚሰረዝ ቡኪንግ ያዢ። የሁሉም ሌሊት ማረፊያ ሳይቋረጥ መታየት አለበት፤ የማርሴዩዋን አንድ ሌሊት እንዳትረሺ። የእናትሽ ስም በፓስፖርታቸው እንዳለው ሆኖ በየቡኪንጉ ላይ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ያስያዘው ሰው ስም ብቻ ነው የሚወጣው፤ ለባለቤቶቹ ጽፈሽ አስጨምሪ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ መሆን አለበት። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፤ ቀጠሮ እንዳይጠፋ አሁኑኑ እዪው።

የባቡር ትኬት ስትቆርጪ ከአየር ማረፊያው «አቪኞን ቴጄቬ» የሚለውን ምረጪ። የቴጄቬ ዋጋ ቀኑ ሲቀርብ ይጨምራል፤ ሽያጩ እንደተከፈተ ቁረጪ። ወደ አርልና ወደ ሊል ሱር ላ ሶርግ የሚሄዱት ትንንሾቹ ባቡሮች ግን ዋጋቸው ስለማይለዋወጥ ጠዋት ጣቢያ ሄዶ መቁረጥ ይቻላል። ሊል ሱር ላ ሶርግን እሑድ ከሄዳችሁ በጠዋት ድረሱ፤ ገበያው ሰው በሰው ነው።

አቪኞን ላይ ያየሻቸውን ቤቶች አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከሥራ ስወጣ አልፌባቸው መንገዱንና መግቢያውን አይቼ እጽፍልሻለሁ።